አንደኛ ክፍል ለማን ይሰጥ?

መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የሚደረገውን ሽር ጉድ እናቶች ያውቁታል። ደብተርና እርሳስ ይገዛል፤ ያምናው የደንብ ልብስ ጫፉ ተፈትቶ ይረዝማል ወይም ለታናሽ ይተላለፋል። የሰባት ዓመቱ ሕፃን ፊቱን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እናት አታየውም። እስከ በሩ አድርሳው ትሰናበተዋለች፤ እርሷ ወደ ሥራዋ ወይም ወደ ገበያዋ፣ እርሱ ወደ አንደኛ ክፍል።

ለመሆኑ ያንን ሕፃን እበሩ ላይ የምትቀበለው ማን ናት?

በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች፣ ማለትም በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾ፣ እንዲሁም በሌላው የአገራችን ክፍል በሚገኙ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ አንድ ልማድ አለ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መምህራን ተሰብስበው ክፍል ሲደላደሉ ነባሮቹ ሰባተኛንና ስምንተኛን ይይዛሉ፤ ቀጥሎ ያሉት መካከለኛዎቹን ክፍሎች ይከፋፈላሉ። አንደኛ ክፍል ከኮሌጅ ገና ለመጣችው ወጣት ይተርፋታል። «ይተርፋታል» ያልኩት አውቄ ነው። ማንም ተሽቀዳድሞ የሚወስደው ክፍል አይደለምና። የሕፃናቱ ቁጥር ከሃምሳ ያልፋል፤ የሚያለቅስ አለ፣ እንቅልፍ የሚወስደው አለ፣ ቁርሱን ሳይቀምስ የመጣ አለ። ትምህርቱን ሁሉ ከጠዋት እስከ ቀትር የምታስተምረውም እርሷው ብቻዋን ናት።

ሰሞኑን ስለ ትምህርት ጥራት ሲነሣ ሁላችንም የምናወራው ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። በእርግጥም የሚያስደነግጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የወደቀው ተማሪ የወደቀው በዚያው ዓመት ነውን? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አይመስላትም። የድሃው ልጅ ትምህርት የሚቃናውም የሚበላሸውም የመጀመሪያዋን ቃል ማንበብ በሚጀምርባት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ የቆመችው ደግሞ ይህቺው የተረፈውን ክፍል የተሰጠቻት ወጣት ናት።

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት ሆሳዕና ውስጥ በ1988 ዓ.ም. ነበር። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኖ ስለነበር እኛ በሀዲይኛ ከተማሩት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ነበርን።

ቤታችን ግድግዳ ላይ ከአባቴ ፎቶግራፍ ጎን በመስተዋት የተሸፈነ አንድ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። የአያቴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ነው። አያቴ ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ቀበሌ ውስጥ ነው፤ አክስቴን አዝለው፣ ከምሽት በፊት እንጀራቸውን ጨርሰው። የተማሩትም በገዛ ቋንቋቸው በሀዲይኛ ነበር። በዚህ የተነሣ በቤታችን ውስጥ ከአያቴ የበለጠ በማንበብ የሚኮራ አልነበረም። መድኃኒት ሲገዛ ብልቃጡን፣ ሳሙና ሲገዛ መጠቅለያውን ሳያነቡ አያስቀምጡም።

እኔ የአንደኛ ክፍል የሀዲይኛ መጽሐፌን ይዤ ስገባ አያቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ገለጡት። ወደ ላይ ዘቅዝቀው አዩት፤ ወደ ታች አዩት። ከዚያ የፈረንጅ መጽሐፍ መስሏቸው መለሱልኝ። ፊደሉ ላቲን ነበርና። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ጥቂት ቃላት ሳነብላቸው፣ ከዚያ ባዕድ ፊደል ውስጥ የገዛ አፋቸው ሲወጣ ሰሙ። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ግን ዝም አሉ። ምስክር ወረቀቱን አሥራ ምናምን ዓመት ያከበሩት ሴት የልጅ ልጃቸውን አንደኛ ክፍል ማስጠናት እንዳልቻሉ የገባቸው በዚያች ሰዓት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለማያውቁ አንባብያን ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከነዚያ መካከል ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሁሉም ቋንቋዎች መጻሕፍት የታተሙት በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ ግን ሀዲይኛም ከምባትኛም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ለዚህም ቋንቋዊ ምክንያት ይቀርባል። በእነዚህ ቋንቋዎች የድምፅ መርዘምና መጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፤ በላቲኑ አጻጻፍ ፊደሉን በመድገም ይህን ማሳየት ይቻላል። እኛ በአማርኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ለማለት የምናውቀው ዐረፍተ ነገሩን አይተን ነው። ስለ ፊደል ምርጫው የሊቃውንቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። ቤተሰብ ላይ የደረሰው ነገር ግን አንድ ነው፤ በዘመቻው የተማሩት አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው መጽሐፍ ጋር ተለያዩ።

ወደ መምህርቴ ልመለስ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ነበረች። የምትኖረው በሰፈራችን በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። በዚያ ዓመት በያሆዴ፣ ማለትም ሀዲያዎች በመስቀል ሰሞን በሚያከብሩት በዓል፣ እንደ ደንቡ ጎረቤት ሁሉ ሲጠራ እርሷም ወደ ቤታችን መጣች። አያቴ ምስክር ወረቀታቸውን አሳዩዋት፤ የመጽሐፉንም ነገር ነገሯት። መምህርቷ ብዙ አልተናገረችም። ቅቤና ጎመን ቀምሳ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ግን ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠ ሰፋ ያለ ወረቀት ላከችልኝ። በአንድ ወገን የላቲኑ ፊደላት፣ በሌላው ወገን በትይዩው የእኛው ፊደል በትልልቁ ተጽፏል። አያቴ ካርቶኑን ከምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። እስከ ገና ድረስ እኔን የሚያስጠኑኝ እርሳቸው ሆኑ።

ይህን ያደረገችው ማንም አዟት አልነበረም፤ በሥርዓተ ትምህርቱም ውስጥ አልተጻፈም። ወጪው አንድ የሳሙና ካርቶንና የአንድ ምሽት ድካም ነው። ሆኖም በአንድ ቤት ውስጥ ተቋርጦ የነበረውን ነገር ቀጠለችው።

የሀዲያ ወይም የከምባታ ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጠብቀውን ሥራ ብናስተውል የዚያች ካርቶን ጥቅም ይበልጥ ይገባናል። ኤክስ የምንላት ፊደል በሀዲይኛም በከምባትኛም «ጥ» ናት። ኪው «ቅ» ናት። ሲ ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ትሆናለች፤ ኤች ስትከተላት «ች» ትሆናለች። ሕፃኑ ይህንን ለምዶ ሳይጨርስ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እነዚያው ፊደላት ሌላ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲ አንድ ጊዜ «ስ»፣ አንድ ጊዜ «ክ» ትላለች። ቆይቶ ደግሞ አማርኛ ከነፊደሉ ይጨመርለታል። በደቡብ ለብዙ ዓመታት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ሁሉ መስጫ እንግሊዝኛ ስለነበር ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ፊደል መጨበጥ ነበረበት። ከአዲስ አበባ እናቶች መካከል ልጄ ሁለት ቋንቋ ተምታታባት ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ ጭንቀታቸው ትክክል ነው። እስቲ ይህንን ደግሞ ቤት ውስጥ አንድም መጽሐፍ ከሌለው ልጅ አንጻር ይመልከቱት።

ይህ ሁሉ ሲደራረብ መምህሩ ቀላሉን መንገድ ቢመርጥ አይገርምም። ቀላሉ መንገድ በኅብረት ማስጮህ ነው። መምህሩ ከሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ያነባል፤ ስድሳ ሕፃናት ተቀብለው ይጮኻሉ። ከውጭ ሆኖ ለሚሰማ ክፍሉ የሚያነብ ይመስላል። እናት ማታ መጽሐፉን ስታስገልጠው ልጇ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ያነበንብላታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ጣቱን ግን አላየችም። አፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲሆን ጣቱ ገና አንደኛው ላይ ነው። ልጁ የሸመደደው ድምፁን እንጂ ጽሑፉን አይደለም። እናቶች ይህን በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ከገጹ መካከል አንዲት ቃል መርጠው፣ ላይና ታቹን በእጃቸው ሸፍነው፣ «ይህቺ ምን ትላለች?» ብለው መጠየቅ ነው። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ይህንን ልታደርገው ትችላለች፤ የልጇን ፊት አይታ መልሱን ታውቀዋለች።

ነገሩ በአንድ ትምህርት ቤት የተወሰነ እንዳይመስለን እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደውን የንባብ ጥናት መጥቀስ ይገባል። ሀዲይኛ በዚያ ጥናት አልተካተተም፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሲዳምኛ ተካቷል። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል የሲዳምኛ ተማሪዎች ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአሥር ኢትዮጵያውያን የአሥር ዓመት ሕፃናት ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል።

ከዚያ ጥናት በኋላ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ መምህራንም ድምፅን ከፊደል ጋር አያይዘው እንዲያስተምሩ ሠለጠኑ። ሀዲይኛ ከሰባቱ አንዱ ነበር። ከምባትኛ አልነበረም። ከሆሳዕና ተነሥቶ ዱራሜ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ የሁለቱ ከተሞች ሕፃናት ችግራቸው አንድ ነው፤ አንደኛው አዲስ መጽሐፍ ሲደርሰው ሁለተኛው ግን በነበረው ቀጠለ። ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ በእንዲህ ያለ ጊዜ ተራ አይደርሰውም። የእርዳታ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። መጽሐፍ ያልደረሰውም፣ ደርሶት ያለቀበትም የሚቀረው ያው መምህሩ ነው።

ወጣት ምሁራንን ወደ ድሃ ትምህርት ቤቶች መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ «ቲች ፎር ኦል» በሚል ስም የሚታወቅ የድርጅቶች ኅብረት አለ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያ መምህራኑን ያሰማራው «ቲች ፎር አሜሪካ» ነው፤ አዲስ ተመራቂዎች ለሁለት ዓመት አቅም ባነሳቸው ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። በአገራችንም «ቲች ፎር ኢትዮጵያ» የተባለው ድርጅት በዚሁ መንገድ ይሠራል። መልካም ነው። ነገር ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ያደርግ እንደነበር፣ አብዛኞቹም በመምህርነት እንደተመደቡ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? አሜሪካኖቹን በሃያ አምስት ዓመት ቀድመናቸዋል። ከዚያም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማርተዋል። የሆሳዕና ትልልቅ ሰዎች ከተማቸው በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ የነበሩትን ዘማቾች እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ከሩቅ የመጣው ወጣት ትጋትና ንቃት ይዞ ይመጣል፤ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ብርቱ ኃይል ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ግን የሕፃኑን ቋንቋ የማያውቅ መምህር የቱንም ያህል ቢተጋ አፍ እንደተለጎመ ነው። «ሽንቴ መጣ» የሚለውን ሕፃን እንኳ በጊዜው አይሰማውም። ለዚህች ክፍል የሚያስፈልጋት ከዚያው ከአካባቢው የወጣች፣ ከዚያም የሠለጠነች ልጅ ናት። ሆሳዕና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የከተማዋን የጥንት ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርስቲም እዚያው ነው። ልጆቹ አሉ። ጥያቄው እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ሴት ልጅን ማስተማርን በተመለከተ ከዚያው አካባቢ የወጣ አንድ ታሪክ አለ። በከምባታ በዛቶ መንደር አንዲት ልጅ ነበረች። በዘመኑ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትላክም ነበርና ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ እንደምትሄድ እየነገረች ከቤት ትወጣለች፤ እግረ መንገዷን ግን ፊደል ትቆጥር ነበር። ይህቺ ልጅ ቦጋለች ገብሬ ናቸው። በኋላ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርስቲና በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተማሩ። በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ከእህታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን ድርጅት አቋቋሙ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ባደረጉት ትግል ዓለም ያወቃቸው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ከቤልጅግ የንጉሥ ቦድዌን ሽልማት ተሸልመዋል። ያረፉት በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው።

ከሥራቸው ሁሉ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ የሚመስጣት ግን መጀመሪያ የሠሩት ነው። ስለ ኤድስ ሊያስተምሩ ሕዝቡን ሲሰበስቡ፣ ሕዝቡ ያነሣው ሌላ ጉዳይ ሆነ። ልጆቻችን ወንዙን ተሻግረው ትምህርት ቤት መሄድ አልቻሉም፤ ገበያም መድረስ አልቻልንም፤ ድልድይ ያስፈልገናል አሉ። እርሳቸውም «እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም» አላሉም። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛት ሲናገሩ ሕዝቡ ጆሮ የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። መምህርቴ ያን የሳሙና ካርቶን ስትሠራ ያደረገችው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ቤተሰቡ የጎደለውን ጠይቃ አወቀች፣ ከዚያ ማስተማሯን ቀጠለች።

አሁን ደግሞ ወደሚያስቸግረው ነገር እንግባ። ወጣቷ መምህርት ደመወዟ አነስተኛ ነው፤ ይህንን ማንም አይክድም። ይባስ ብሎ በ2016 ዓ.ም. በሀዲያና በከምባታ ዞኖች ባሉ ወረዳዎች የመምህራን ደመወዝ ለወራት እየተጓተተ፣ ትምህርት እስከመቋረጥ የደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች እንደነበሩ ተዘግቧል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ የቤት ኪራይ ንሯል። ደመወዝ ሲዘገይ የሱቁ ዱቤ ይዘጋል፤ አከራይዋም ትቆጣለች። በዚህ መካከል ተማሪዎቿ የሚያዩት ምንድን ነው? መምህርታቸው ባንድ ጫማ ክረምቱን ስታሳልፍ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ የገባው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ለእናቱ ፎቅ ሲያሠራ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ነገር በሀዲያና በከምባታ ቤት ሁሉ የገባ ነው። ካለፉት ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ወዲህ በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ፣ ለደላላ ከፍሎ ልጁን በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ የሚልክ ወላጅ ብዙ ነው። የተሳካለት አለ፤ ለቤተሰቡ ቆርቆሮ ያለበሰ፣ እህቶቹን ያስተማረ አለ። በሱቁ ውስጥ በጥይት የተመታም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ቦታ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ሟቾች ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ተነግሯል። ይህን እያወቁ ልጆቻቸውን የሚልኩትን እናቶች ጨካኞች ናቸው ለማለት አልደፍርም። ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ እፊታቸው ተቀምጧል። ትምህርት ምን ሰጠው ብለው ቢጠይቁ ምን እንመልስላቸዋለን? አንደኛ ክፍል ላይ ያልተነበበችው ቃል ናይሮቢ ድረስ ትሄዳለች።

እኛ የከተማ ሠራተኛ እናቶችስ? የእኛም እጅ አለበት። አቅም ያገኘነው ሁሉ ልጆቻችንን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥተን «በእንግሊዝኛ የሚያስተምር» ወደተባለው ወስደናል። እኔም ወስጃለሁ። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጄን በአራት ዓመቷ አስገባኋት። አንድ ቀን ማታ አያቷ በሀዲይኛ ሲያናግሯት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በትምህርት ቤቱ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ የተናገረ ሕፃን አንገቱ ላይ ካርድ ይንጠለጠልበት ነበር። ልጄ ካርዱን ሁለት ጊዜ አንጠልጥላለች፤ አልነገረችኝም። እኔም በየወሩ ክፍያውን አንድም ቀን ሳላዘገይ እከፍል ነበር። የመንግሥቱ አንደኛ ክፍል መምህርት ደመወዟ ሲዘገይ ግን ዘገየ ብዬ የጠየቅሁበት ቀን አልነበረም። እኛ ወጥተን ስንሄድ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገረው ወላጅም አብሮን ይወጣል፤ የሚቀሩት እናቶች ጉሊት ጥለው፣ ልብስ አጥበው የሚያድሩት ናቸው፤ ስብሰባው በሥራ ሰዓት ሲጠራ መምጣት አይችሉም።

የሚደረግ ነገር ግን አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቀውም ብዙ ነው። የወላጅና የመምህር ኅብረት በነሐሴው ድልድል ጊዜ አንደኛ ክፍል ለማን እንደተሰጠ ሊጠይቅ ይችላል። የልጆቹን ቋንቋ የምታውቅ፣ ንባብ ማስተማር የሠለጠነች መምህርት ተመድባለችን? አንዱ ክፍል ሰባ፣ ሌላው አርባ ሕፃናት ይዞ እንደሆነ ለምን? ለነባሯና ጎበዟ መምህርት አንደኛ ክፍልን እንደ ማዕረግ አድርጎ መስጠት፣ አዲሷን ከአጠገቧ አድርጎ ማሠራት ርእሰ መምህሩ ብቻውን ሊወስነው የሚችል ነገር ነው። ስብሰባውን ቅዳሜ ማድረግም እንዲሁ። የከምባትኛ መጽሐፍ ካልደረሰ በሆሳዕናና በዱራሜ ያሉት የየትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያ ክፍሎች ካርቶንና ቆርኪ አያጡም፤ ፊደል የሚጽፉ እጆችም አሉ። ደመወዙ ግን በካርቶን አይተካም። እርሱ የመንግሥት ግዴታ ነው።

ልጄን አምና ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት አውጥቼ ሰፈራችን ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስገባኋት። የጎረቤት ሰው ሁሉ ገንዘብ ያጠረኝ መስሎት አዝኖልኛል። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ሕፃናት አሉ። በመጀመሪያው ወር እንዳስቸገራት አይቻለሁ፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። አሁን ልጆቹን በስድስት በስድስት ከፍላ፣ አንዱ ቡድን ሲያነብላት ሌላው በቆርኪ ቃል ይሠራል።

አያቴ ከሞቱ ቆይተዋል። ባለፈው ሐምሌ ቤቱ ቀለም ሲቀባ የግድግዳው ምስክር ወረቀት ሲወርድ ከኋላው የተጣጠፈ ካርቶን ወደቀ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ጥላሸት ለብሷል። ልጄ አንሥታ በመዳፏ ጠረገችው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከላይ ጀምራ ትወርድ ጀመር። ኤክስ ላይ ስትደርስ በትይዩው የተጻፈው ፊደል ደብዝዞ ስለነበር አልታያትም። «ጥ» አለች ሳታየው፤ እርሳሷንም አምጥታ በላዩ ላይ ደገመችበት።